ሲሞቅ የሚደክመው ሞተር

ተስፎም ዑቕባሚካኤል ሲቆጣ አይጮኽም። ዝም ይላል፤ መንጋጋው ይጠብቃል፤ በእጁ ያለውን መፍቻ በጨርቅ ደጋግሞ ይወለውላል። ሚስቱ አብረኸት ያ ውልወላ ሲጀመር ነገር እንደመጣ ታውቃለች። ሮም ያለው ሐበሻ ስለ እሱ ሁለት ነገር ያወራል፤ ሞተር ላይ እጁ የተባረከ መሆኑን፣ ደግሞም ከቀጣሪ ጋር ሳይጣላ የወጣበት ሥራ እንደሌለ። እሱም አይክድም። "ሰው ሲዋሸኝ ሆዴ አይችልም" ይላል፣ ነገሩ በዚያ ያለቀ ይመስል።

ቁጣው ከሰማይ አልወረደም። ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ ነው። አባቱ አቶ ዑቕባሚካኤል ቬስፓና የውሃ ፓምፕ የሚጠግኑ፣ በሰፈሩ የተከበሩ መካኒክ ነበሩ። ልጃቸው ካንዴላ መፍታት የለመደው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ነው። "የደከመ ሞተር እንደታመመ ሰው ነው" ይሉት ነበር። "መጀመሪያ ምን እንደበላ ጠይቀው። ቀጥሎ እሳቱን እይለት፣ ከዚያ ትንፋሹን። ሆዱን የምትከፍተው ሌላው ሁሉ ሲያልቅብህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፍት መካኒክ ሳይሆን ሥጋ ሻጭ ነው።"

በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነቱ ሲነሳ አባትና ልጅ "አገራችሁ ግቡ" ተብለው አውቶብስ ላይ ተጫኑ። ተስፎም አስመራን አይቷት አያውቅም፤ ትግርኛውም የተሰባበረ ነበር። ሽማግሌው አዲስ አገር፣ አዲስ አየር አልስማማ ብሏቸው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ተስፎም አባቱን ቀብሮ፣ ወታደርነቱን ሸሽቶ፣ በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገባ። በዚያ ጊዜ ነው ዝም ብሎ መቆጣትን የተማረው፤ ጮኾ የሚቆጣ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ዕድሜ አልነበረውም።

በፈረንጆቹ 2004 ከሊቢያ ጠረፍ ጀልባ ሲሳፈሩ ደላሎቹ መካኒክ መሆኑን ሰምተው ከሞተሩ አጠገብ አስቀመጡት። "አዲስ ነው" አሉት። አዲስ አልነበረም። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሞተሩ ያቃስት ጀመር፤ ደከመ፣ ቆመ፣ ሲበርድ ደግሞ ተነሳ። ተስፎም ጣቱን ከጀሪካኑ ነክሮ ሲያሸው ቤንዚን ብቻ ነበር፤ ሊቀላቀልበት የሚገባው ዘይት አልነካውም። ከጎኑ የነበረው ኃይለመለኮት የሚባል የጎንደር ልጅ የማስነሻ ገመዱን ከእሱ ጋር እየተፈራረቀ ሲጎትት ዋለ። በመጨረሻ ፒስተኑ ተጣብቆ ቀረ። ባሕሩ ወደፈለገው ወሰዳቸው። ዓሣ አጥማጆች ሲያገኟቸው ኃይለመለኮት በሕይወት አልነበረም። ተስፎም መሬት ከረገጠ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጀልባ ላይ አልወጣም፤ ስለዚያ ጉዞም ከአብረኸት በቀር ለማንም አልነገረም ነበር።

አብረኸትን ያገኛት ሮም ነው። እሷም እንደሱ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው። በኖመንታና መንገድ የአንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት ትሠራለች። በፈረንጆቹ 2015 በጋ ሲኞራዋ የአጎቷን ልጅ ሬናቶን ጠቀሰችላት። ኦስቲያ፣ የቴቬሬ ወንዝ ከባሕሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ያከራያል፤ መካኒክ ይፈልጋል።

"ጀልባ ላይ አልወጣም" አለ ተስፎም።

"ማን ውጣ አለህ? ሞተሩን መሬት ላይ ታበጃለህ፣ ማታ ትመለሳለህ። በእናትህ ይሄን ሥራ በአፍህ እንዳታጠፋው። ሲኞራን እኔ ነኝ የለመንኳት።"

ገባ። ከሚኖሩበት፣ ስደተኞች ያለ ፈቃድ ገብተው ከያዙት ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳው ትልቅ ሕንፃ ጠዋት ይወጣል፣ በሜትሮ እስከ ፒራሚዴ፣ ከዚያ በባሕር ዳርቻው ባቡር ኦስቲያ። ሬናቶ ሆዱ የሰፋ፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ሁሉን "አንተ" የሚል ሰው ነበር። ተስፎም "እርስዎ" እያለ ይመልስለታል። አክብሮት ብቻ አልነበረም፤ በመካከላቸው አጥር ለማቆም ነው።

ከጀልባዎቹ አንዷ አሮጌ ሞተር ነበራት፤ ጣሊያኖቹ "ዱዌ ቴምፒ" የሚሉት፣ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅሎ የሚጠጣ ዓይነት። እንዲህ ያለ ሞተር የራሱ የዘይት ቋት የለውም። ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ካልገባለት ብረት ከብረት ይፋተጋል። ተከራዮች "መሄዱን ይሄዳል፣ ግን ጉልበት የለውም" እያሉ ይመለሱ ጀመር።

ተስፎም በአባቱ ሥርዓት ጀመረ። ቤንዚኑን ቀድቶ አየ፤ ውሃ የለበትም። የነዳጅ ጋኑ ክዳን አየር ያስገባል፣ ቱቦው አልተቀደደም። ካርቡራቶሬውን ፈታው፤ ነዳጁ የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ ግማሹ በደለል ተዘግቷል። አጠበው፣ ነፋበት፣ ገጠመው። ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ነክሮ ሲያስነሳው ሞተሩ እንደ ንብ ዘመረ።

"አለቀ፤ ተፈውሷል" አለ ለሬናቶ።

አላለቀም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ባልና ሚስት ሕፃን ልጅ ይዘው ያችን ጀልባ ተከራዩ። ወደ ባሕሩ ሲወጡ የወንዙ ውሃ ራሱ ይገፋቸዋል፤ ችግሩ መመለሱ ላይ ነው። ቴቬሬ ከባሕሩ በሚጋጭበት አፍ ላይ ሞተሩ ደከመ። ወንዙ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ማዕበሉ ከጎን ይመታል፣ ጀልባዋ መሐል ላይ ቆማ ሞተሩ ብቻ ያጓራል። በዚያ ያለፈ ዓሣ አጥማጅ ገመድ ወርውሮ ጎትቶ አመጣቸው። ሴትየዋ ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ወረደች። ባልየው ሬናቶን ሸሚዙን ጨምድዶ ያዘው።

ሬናቶ በአገጩ ወደ ተስፎም ጠቆመ። "እኔን ምን ታደርገኛለህ? የጠገነው እሱ ነው።"

ባልየው ዞሮ አየው። "ሞተር ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ ትሰጣለህ?" አለው ለሬናቶ፣ ተስፎም ቋንቋውን የማይሰማ ይመስል።

ተስፎም ጨርቁን አነሳ። መፍቻውን ወለወለ። የተናደደው በሰውየው ብቻ አልነበረም፤ በሬናቶ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በራሱ። አንድ ጥፋት አግኝቶ ሁለተኛውን ሳይፈልግ ቆሟል። ጉልበት የሚለካው በርሜል ውስጥ እንዳልሆነ አጥቶት አይደለም፤ ባሕሩ ላይ መውጣት ስላልፈለገ በበርሜሉ ተጽናና። ሕፃኑ ሲያለቅስ በሰማ ቁጥር ይሄ ሐሳብ እንደ እሾህ ወጋው።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሞተሩ ትኩስ እንዳለ ሁለቱን ካንዴላዎች ፈታቸው። አንደኛው የተቆላ ቡና መስሏል፤ ጤና ነው። ሁለተኛው ነጣ ብሏል፤ ጫፉ ላይ የአሸዋ ያህል የደቀቁ፣ የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ተጣብቀዋል። ነጥቦቹ አሉሚኒየም ነበሩ። ከፒስተኑ እየተላጠ የመጣ። የካንዴላውን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ደፍኖ ገመዱን ሲጎትት አንደኛው ጣቱን ገፍቶ አስነሳው፤ ሁለተኛው እንደ ሽማግሌ ሳል እፍ ብሎ ቀረ።

ከዚያ ጣቶቹን ከጋኑ ቤንዚን ነክሮ አሸ። ቶሎ ደረቀ። ዘይት ቢኖርበት ጣቱ ላይ ልስላሴ ይተው ነበር። ጣቶቹን በጨርቁ ጠርጎ ወደ ሬናቶ ሄደ።

"ሲኞር ሬናቶ፣ ይሄን ቤንዚን የሚቀላቅለው ማን ነው?"

"እኔ ነኛ። ምነው?"

"ዘይት የለውም።"

"አለው እንጂ። ትንሽ ቀነስኩለት። ጭሱ ይሸታል፣ ደንበኞቹ ያማርራሉ፣ ሴቶቹ ራስ ምታት ያዘን ይላሉ። ምን ላድርግ?"

"ፒስተኑ እየተላጠ ነው። ሲበርድ ይሠራል፤ ሲሞቅና ሸክም ሲበዛበት ሲሊንደሩን ይነክሳል፣ ይደክማል፣ ይቆማል። መከፈት አለበት። እስኪከፈት ለሰው አይሰጥም።"

ሬናቶ ሳቀ። ሞተሩን በርሜሉ ውስጥ ነክሮ ገመዱን አንዴ ሳበው። ተነሳ። "ስማው፣ ይዘፍናል። አንተ ካርቡራቶሬውን አበላሽተህ እኔ ላይ ታሳብባለህ።"

"በርሜል ውስጥ ሆኖ ማን ይደክማል?" አለ ተስፎም። ሬናቶ ግን ጀርባውን ሰጥቶት ሄዷል።

በማግስቱ ጠዋት ተስፎም ሲደርስ አያትና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው የሕይወት መንሳፈፊያ ጃኬታቸውን ለብሰው ጀልባዋ አጠገብ ቆመዋል። ሬናቶ ነዳጅ እየሞላ ነበር። ተስፎም ቦርሳውን ጣለና በእነሱና በጀልባዋ መካከል ገባ።

"ይቅርታ፣ ጥቂት ይጠብቁን" አላቸው አያትየውን። ወደ ሬናቶ ዞረ። "መጀመሪያ እኔና እርስዎ እንሂድ።"

"አብደሃል?"

"ደህና ከሆነ ምን ያስፈራዎታል? ይግቡ። ደህና ከሆነ ዛሬውኑ ሥራዬን ለቅቄ እሄዳለሁ።"

አያትየው አንዴ ይሄን አንዴ ያንን ያያሉ። ሬናቶ በደንበኛ ፊት እምቢ ማለት አፈረ መሰል፣ እየተሳደበ ገባ። ተስፎምም አንድ እግሩን አነሳ። ጀልባዋ ከእግሩ ሥር ስትወዛወዝ ጠርዟን ጨምድዶ ያዘ፤ ጀልባ ላይ ሲወጣ ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ንዴቱ ባይገፋው ያቺን እግር አያነሳትም።

ወንዙን በሙሉ ጉልበት ወረዱ። ሞተሩ ጥሩ ይሄዳል። ሬናቶ በአሸናፊነት ያየዋል። አፉን አልፈው ባሕሩ ላይ ወጡ፤ ተስፎም መሪውን አዙሮ ሳይቀንስ ከማዕበሉ ጋር አጋፈጠው። ዳርቻው ላይ የተተከሉት ጃንጥላዎች አነሱ። ተስፎም የጀልባዋን ወለል ቃኘ። መቅዘፊያ አለመያዛቸውን ያን ጊዜ አየ።

"በቃ፣ አየን፣ እንመለስ" አለ ሬናቶ።

"ትንሽ ይሙቅ።"

ሞቀ። መጀመሪያ ድምፁ ወፈረ። ከዚያ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ትሄድ የነበረችው ጀልባ ቀስ ብላ ተኛች። ተስፎም የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ቢስበውም ምንም አልጨመረም። አንድ የብረት ጩኸት ሰማ፤ የሚያውቀው ጩኸት ነው። ቆመ።

ጸጥታው አስደነገጣቸው። ማዕበል ከጎን መታት፣ ሬናቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጠርዙን ያዘ።

"አስነሳው!"

"አይነሳም። እስኪበርድ አይነሳም።"

"ወደ ውጭ እየሄድን ነው! አስነሳው እንጂ!"

"ወዴት እንደምንሄድ አውቃለሁ" አለ ተስፎም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ያን ጊዜ አጥሩ ፈረሰ፤ "እርስዎ" ከአፉ ጠፋ። "ትናንት ያቺ ሴት ልጇን ታቅፋ እዚህ ነበረች፤ አንተ ደግሞ ባሏ ፊት በእኔ ጠቆምክ። ዛሬ ሁለት ሕፃን ልትልክበት ነበር። ጭሱ ይሸታል አልክ። እኔ ዘይት በሌለው ቤንዚን ምክንያት ሰው ሲሞት አይቻለሁ። አጠገቤ ነው የሞተው። ስሙ ኃይለመለኮት ነው። እናቱ እስከዛሬ የት እንደወደቀ አታውቅም። እና አንተ ጭሱ ይሸታል ትለኛለህ።"

ሬናቶ ጠርዙን አለቀቀም። ፊቱ ከፀሐዩ ጥቁረት ሥር ገርጥቶ ነበር። ጀልባዋ እየዞረች ተንሳፈፈች። ተስፎም ሞተሩ ላይ እጁን አስደግፎ ሙቀቱ እስኪቀንስ ጠበቀ፤ እስኪበርድ የፈጀው ጊዜ ለሁለቱም ረጅም ነበር። ከዚያ ከኪሱ መፍቻና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አውጥቶ ካንዴላውን ፈታ፣ ጠረገው፣ መለሰው፣ ገመዱን ሳበ። በሦስተኛው ተነሳ። በግማሽ ጉልበት፣ እያባበለ፣ ወንዙ ከሚበረታበት መሐል ርቆ ዳር ዳሩን ይዞ አስገባት።

ሬናቶ መሬት ሲረግጥ የመጀመሪያ ቃሉ "እሺ፣ ከአሁን በኋላ ወንዙ ውስጥ ብቻ አከራያታለሁ" የሚል ነበር።

ተስፎም ጆሮውን አላመነም። ሞተሩን ከጀልባዋ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው፣ የመፍቻ ሣጥኑን ከፈተ። አያትየው ልጆቹን ይዘው ሄደዋል። ሬናቶ "ምን እያደረግክ ነው? ማን ክፈት አለህ?" እያለ ዙሪያውን ሲዞር እሱ ቡሎኑን አንድ በአንድ ፈታ፣ ሲሊንደሩን አነሳ፣ ካንዴላው የነጣበትን ፒስተን ከዘንጉ ለየ። አንዱ ጎኑ ድመት የቧጠጠችው ይመስል ከላይ እስከ ታች ተልጧል፤ ቀለበቶቹ ከቦታቸው ተጣብቀው ቀርተዋል። ፒስተኑን ሬናቶ የቡና ስኒውን ከሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ አኖረለት።

"አሁን ግጠመው" አለ ሬናቶ።

"አልገጥምም። ተፈትቶ እስካለ ድረስ ማንም አይሳፈርበትም።"

"እንግዲያው ከዚህ ጥፋ። ሁለተኛ እንዳላይህ።"

ተስፎም እጁን በቤንዚን ታጠበና ሄደ። መፍቻዎቹን እንኳ ሳይሰበስብ።

አብረኸት ነገሩን ስትሰማ ተቀምጣ የነበረችበትን ወንበር ለቅቃ ተነሳች። "ደግሞ?" አለች። "ደግሞ፣ ተስፎም?"

"ሕፃናት ሊሰጥሙ ነበር፣ አብረኸት።"

"እሱን አልጠየቅኩህም። ልክ እንደሆንክ አውቃለሁ። ሁልጊዜ ልክ ነህ። ልክ በሆንክ ቁጥር ግን አንድ በር ይዘጋብናል። ነገ ሲኞራን በምን ዓይኔ ልያት? ደግሞ መቅዘፊያ ሳትይዝ ባሕር ገባህ። እሱን ልታስተምር ስትል ብትሞትስ? እኔን ያለ አንተ መኖርን ማን ያስተምረኛል?"

ያን ሳምንት ቤቱ ውስጥ ሁለት ኩርፊያ ነበር፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእሷ። የእሷ ይበልጥ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት የአብረኸት የዕረፍት ጊዜ ነው። ለተስፎም ሳትነግረው ኦስቲያ ሄደች፤ መፍቻዎቹን ልታመጣ፣ ቢቻል ለሲኞራ ስትል አንድ የይቅርታ ቃል ልትጥል። ስትመለስ የመፍቻ ሣጥኑን አልያዘችም።

"የት አለ?" አላት።

"አልሰጠኝም። ያቺ ጀልባ መቅዘፊያ ተደርጎላት ወንዙ ላይ ስትሄድ አየኋት። ሞተሩ እንደፈታኸው ነው። ሁለት መካኒክ አምጥቶ ነበር፤ 'አዲስ ፒስተን፣ አዲስ ሲሊንደር ካልሆነ አንነካውም' አሉት። 'ዕቃውን ብገዛ ባልሽ ይገጥመዋል ወይ?' አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ራስህ ሄደህ ጠይቀው አልኩት። አይመጣም፤ እሱም እንዳንተ ነው። ይቅርታ ደግሞ አልጠየቅኩትም፤ ፊቱን ሳየው አልወጣልኝም።"

ተስፎም ለቀናት "ሞቼ ነው የምሄደው" ሲል ከረመ። ከዚያ አንድ ጠዋት ተነስቶ ሄደ። ሬናቶ ሲያየው ሰላም አላለውም፤ አዲሱን ፒስተን ከነካርቶኑ ገፋ አደረገለት። ተስፎም ከመንካቱ በፊት ቆመ።

"ነዳጅ የምቀላቅለው እኔ ነኝ። የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ይሆናል። የጠገንኩትን ባሕር ላይ ሳልፈትነው ለሰው አይሰጥም። ካልሆነ አሁኑኑ ልሂድ።"

ሬናቶ የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ካርቶኑ ላይ ጣለው። "ቫ ቤኔ፣ እሺ" አለ በጥርሱ መሐል።

ከዚያ በኋላ ተስፎም ሞተር በጠገነ ቁጥር ወደ ባሕሩ ይወጣል። መቅዘፊያና ረጅም ገመድ ይይዛል። አልለመደውም፤ በተመለሰ ቁጥርም የሚያናድደው ነገር አያጣም። ከሬናቶ ጋር እየተጨቃጨቁ ሁለት በጋ አሳለፉ። አንድ ቀን እንኳ ምሳ አብረው አልበሉም።

በፈረንጆቹ 2017 ነሐሴ የፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳውን ሕንፃ ፖሊስ ሲያስለቅቅ ተስፎም ኦስቲያ ሥራ ላይ ነበር። አብረኸት ደውላ ስትነግረው ስልኩን ይዞ ቁጭ አለ፤ ያን ዕለት የሚወለውለው መፍቻ እንኳ አላነሳም። ልብሳቸው፣ አልጋቸው፣ የአባቱ ፎቶ እዚያ ነው። አብረኸት ለጊዜው ሲኞራዋ ቤት ታድራለች፤ ለእሱ ግን ቦታ የለም።

ሬናቶ ከበስተኋላው ቆሞ ሰምቷል። "መጋዘኑ ውስጥ ተጣጣፊ አልጋ አለ" አለ። "ቁልፉ አንተ ጋ ነው።"

ተስፎም ዞሮ አየው። ከሰው ሁሉ መካከል የዚህን ሰው ደግነት መቀበል እንዴት እንዳንገበገበው ዛሬም ሲያወራ ፊቱ ይጠቁራል። ግን ተቀበለ። መኸሩ እስኪገባ ድረስ በጀልባዎቹ መካከል ተኛ፤ ከዚያ ከቲቡርቲና አለፍ ብሎ አንዲት ክፍል አገኙ፤ አብረኸት ከሲኞራዋ ቤት ወጥታ አብራው ገባች። ስለ ሬናቶ ሲጠየቅ ጥሩ ቃል አይወጣውም፤ ክፉም አይናገርበትም። "እልኸኛ ነው" ይላል ብቻ፣ አብረኸት ደግሞ አንገቷን አዙራ ሳቋን በሻሿ ትሸፍናለች።